አሥራ ሦስተኛው ክፍል የቀረበት የዓመት መሸኛ፦ የፋኒ ሄንዘል የፒያኖ ምሽት በአራት ኪሎ

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ባለች አነስተኛ አዳራሽ፣ በየጊዜው የፒያኖ ምሽት ይዘጋጃል። በነሐሴ ወር የመጨረሻ ሳምንት «የዓመት መሸኛ» ተብሎ የቀረበው ምሽት ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሥራ የተሰጠ ነበር፤ ሥራውም ጀርመናዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ፋኒ ሄንዘል በ1841 የጻፈችው «ዓመቱ» የተባለው የፒያኖ ድርሰት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመግቢያ ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና ጋር 600 ብር ሲሆን፣ በቴሌብር አስቀድሞ ወይም በር ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቻላል። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ሥራቸው ገና ጅምር ስለሆነና ከዚህ በታች የማነሳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በቀላሉ ሊታረሙ የሚችሉ ስለሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባ ታዳሚ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት ማወቅ ይገባዋል።

በቅድሚያ ለምርጫው ምስጋና ይገባቸዋል። በከተማችን የፒያኖ ዝግጅት በተባለ ቁጥር የምንጠብቀው ቤትሆቨንን፣ ሾፐንንና ሊስትን ነው፤ በዚያው ዘመን በርሊን ውስጥ ተቀምጣ ከ450 በላይ ድርሰቶችን የጻፈች ሴት ስለመኖሯ ግን ለዓመታት ፒያኖ የተማሩ ሰዎች እንኳ ሲያወሩ አይሰማም። ፋኒ በ1805 ሃምቡርግ ተወልዳ በርሊን አደገች። ፒያኖን ከሉድቪግ በርገር፣ የድርሰት ጥበብን ከካርል ፍሪድሪሽ ጼልተር የተማረች ሲሆን፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ የባኽን ሃያ አራት ፕሬሉዶች (መግቢያ መሰል አጫጭር ድርሰቶች) ለአባቷ በቃሏ ተጫውታለች። በሦስት ዓመት ገደማ የሚያንሳት ወንድሟ ፌሊክስ ሜንደልሶን የተማረው ከእነዚሁ መምህራን ነው። ሆኖም አባታቸው አብርሃም በ1820 በጻፈላት ደብዳቤ፣ ሙዚቃ ለፌሊክስ ምናልባት ሙያ ሊሆነው እንደሚችል፣ ለእርሷ ግን ጌጥ ብቻ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ሳይሸፋፍን ነገራት።

እርሷም በውጭ ሲታይ የአባቷን ቃል አከበረች። በ1829 ሠዓሊውን ቪልሄልም ሄንዘልን ካገባች በኋላ፣ እሑድ እሑድ በቤታቸው በምታዘጋጀው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ፒያኖ ትጫወት፣ መዘምራኑን ትመራ፣ የራሷንም ሥራ ታሰማ ነበር፤ ከቤቷ ውጭ በአደባባይ ተጫወተች ተብሎ የሚታወቀው ግን በ1838 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም የወንድሟን ኮንቸርቶ፣ ማለትም ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ። ከዘፈኖቿ አንዳንዶቹ በፌሊክስ ስም ታትመው ስለነበር፣ በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ከእርሱ መድበል የምትወደውን መርጣ ስትዘፍንለት፣ ዘፈኑ የእኅቱ መሆኑን ለንግሥቲቱ ለመናገር ተገዷል። በራሷ ስም ሥራዎቿን ማሳተም የጀመረችው አርባ ዓመት ከሞላት በኋላ በ1846 ሲሆን፣ በዓመቱ በግንቦት ወር የወንድሟን ሥራ እያለማመደች ሳለ በድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ሞተች። ፌሊክስም ከስድስት ወር ያልበለጠ ቆይቶ ተከተላት።

በር ላይ የሚሰጠው የፕሮግራም ወረቀት ይህን ታሪክ በአንድ ገጽ በሚገባ ይተርካል፤ ጽሑፉ የተጣራ ነው፣ የፊደል ግድፈትም አላየሁበትም። ነገር ግን ከፋኒ ስም በላይ፣ ከስሟም በሚበልጥ ፊደል፣ «የታላቁ ፌሊክስ ሜንደልሶን እኅት» የሚል ተጽፎበታል። ታዳሚ ለመሳብ የታሰበ እንደሆነ ይገባኛል። አንድ ሙሉ ምሽት ለእርሷ ሰጥቶ በሽፋኑ ላይ ወንድሟን ማስቀደም ግን ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ሴትየዋ በ1846 ባሳተመቻቸው ሥራዎች ሽፋን ላይ የቀደመው ሄንዘል የሚለው የትዳር ስሟ ነበር፣ ከሜንደልሶን ቤተሰብ መወለዷ የተጠቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ፋኒ ከባሏና ከልጇ ጋር በ1839 ወደ ጣሊያን ተጉዛ እስከ 1840 ቆይታ ነበር፤ በሕይወቷ እጅግ የተደሰተችበት ጊዜም ይኸው ነበር። «ዓመቱ» የተጻፈው ከዚያ ጉዞ በተመለሰች በዓመቱ ሲሆን፣ ለየወሩ አንድ ክፍል አለው። ከረቂቁ በኋላ በተዘጋጀው ንጹሕ ቅጂ ላይ እያንዳንዱ ወር በተለያየ ቀለም ወረቀት ተጽፏል፤ በየክፍሉ ራስጌ ቪልሄልም ሥዕል ሥሎበታል፣ እንደ ጎተ፣ ኡላንድና አይሄንዶርፍ ካሉ የጀርመን ገጣሚዎችም ጥቂት ስንኞች ተመርጠው ሰፍረውበታል። እንዲህ የተደከመበት ሥራ ከሴፕቴምበር ክፍል በቀር በሕይወቷ ሳለች አልታተመም። ሙሉው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕትመት የበቃው በ1989 ካሰል በሚገኘው፣ የሴት ደራሲያንን ሙዚቃ በሚያሳትመው ፉሮር በተባለ ድርጅት ነው፤ ከተጻፈ ከ148 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ባለ ሥዕሉ ቅጂ ደግሞ በ2000 እንዳለ ተባዝቶ ወጣ።

አዘጋጆቹ ይህን የሥዕል፣ የግጥምና የሙዚቃ ጥምረት ለታዳሚው ለማሳየት ያደረጉት ጥረት ከምሽቱ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ከየወሩ በፊት ስንኞቹ በአማርኛ ይነበባሉ፤ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው መብራትም ከወር ወር ቀለሙን ይለውጣል። አንባቢው ድምፁን ከፍ ዝቅ የማያደርግ፣ ግጥሙን ለራሱ የሚተው ሰው በመሆኑ ንባቡ ከሙዚቃው ጋር አልተሻማም።

ፒያኒስቷ ወጣት ናት፤ ከፊቷ ኖታ ሳታስቀምጥ ነው የተጫወተችው፣ ይህም አምሳ ደቂቃ ለሚጠጋ ሥራ ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል፣ ጃንዋሪ፣ «ሕልም» ይባላል። ከኋላ የሚመጡ ወራት ዜማዎች ቁርጥራጭ ሆነው ብቅ እያሉ የሚጠፉበት፣ ምቱ የላላ፣ ተጫዋቹ እዚያው እየፈጠረው የሚመስል ሙዚቃ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አበዛች፤ እያንዳንዱን ሐረግ አሳርፋ ከጨረሰች በኋላ ወደ ቀጣዩ ስለምትሸጋገር፣ ሕልሙ የተጠና ትምህርት መሰለ። ፌብሩዋሪ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ይህ ክፍል ፋኒ ሮም ውስጥ ያየችውን የካርኒቫል ግርግር የሚያስታውስ ስኬርዞ፣ ማለትም ፈጣንና ተጫዋች ሙዚቃ ሲሆን፣ ፔዳል ሳታበዛ፣ ኖታው ሁሉ ተለይቶ እስኪሰማ ድረስ ጥርት አድርጋ ተጫወተችው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሳይታወቃቸው በእግራቸው ምት መምታት ጀምረው ነበር።

የማርች ክፍል በጭንቀትና በጥድፊያ ይጀምርና፣ ከመሀል «ክርስቶስ ተነሥቷል» የሚለው ጥንታዊ የጀርመን የትንሣኤ መዝሙር በዝግታ ይገባል፤ ከዚያ መዝሙሩ እየደመቀ፣ በየዙሩ ልብሱን እየለወጠ ሄዶ በሙሉ ድምፅ ይደመደማል። ከሕማማት ወደ ፋሲካ ሌሊት መሸጋገርን ከልጅነቱ ለሚያውቅ ታዳሚ ይህ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ የመድረኩ አስተዋዋቂ ግን ሙዚቃው ሊጀመር ሲል ተነሥተው ረዥም ገለጻ ሰጡ። ከገለጻቸው ውስጥ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የሜንደልሶን ቤተሰብ አይሁዳዊ መሆኑን፣ ልጆቹም በ1816 በሪፎርምድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እጅ መጠመቃቸውን የጠቀሱበት ነው፤ በ«ዓመቱ» ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መዝሙራት የያዙትን ቦታ ለመረዳት ያግዛልና። ኤፕሪልና ሜይ ቀለል ያሉ ክፍሎች ናቸው፣ በቀላሉም አለፉ።

ከዚህ በኋላ ዝናቡ መጣ። ጁንና ጁላይ ሁለቱም ሴሬናድ፣ ማለትም የምሽት ዜማ ናቸው፤ የመጀመሪያው ናፍቆት ያለበት ዘፈን ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የሙቀት ድካም የተጫነው፣ ከታች በግራ እጅ በኩል የሩቅ ነጎድጓድ የሚያጉረመርምበት። በአውሮፓ የበጋ ምሽት የተጻፈው ነጎድጓድ በእኛ የክረምት ዝናብ ተዋጠ። የአዳራሹ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በመሆኑ፣ ዝናቡ ሲበረታ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ከጁላይ ክፍል የሰማው ምናልባት ግማሹን ነው። ለዝናቡ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን በክረምት ምሽት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ዝግ ያሉ ክፍሎችን ያለ ዕረፍት ከማስኬድ ይልቅ የዕረፍቱን ሰዓት ማሸጋሸግ ይቻል ነበር። ከምድር ቤት በደረጃው በኩል የሚመጣው የማኪያቶ ማሽን ጩኸት ደግሞ የዝናብን ያህል ምክንያት የለውም፤ አንድ በር ቢዘጋ የሚቆም ነበርና።

ኦገስት የመኸር ሰልፍ የሚመስል ደማቅ ክፍል ነው። ሴፕቴምበር ላይ ስንደርስ ግን ዝናቡ ቆመ፤ ከምሽቱ ሁሉ ለዚህ ክፍል ብቻ 600 ብር መክፈል አይቆጨኝም። «በወንዝ ዳር» የሚል ርእስ ያለው ይህ ክፍል በቢ ማይነር የተጻፈ ሲሆን፣ ፈጣንና ጥቃቅን ኖታዎች ከላይ ሳያቋርጡ ይፈስሳሉ፣ ከታች ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይራመዳል፣ ዜማው ደግሞ በሁለቱ መካከል ይጓዛል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፤ ዜማውን የሚይዙት በአብዛኛው አውራ ጣቶች ናቸው፣ ዙሪያቸውን የሚሮጡት ሌሎች ጣቶች ደግሞ በብዛታቸው ሊውጡት ይችላሉ። የፒያኖ ተማሪ ይህን ክፍል ሲጀምር ውሃው ብቻ ይሰማል፣ ዘፈኑ አይሰማም። ፒያኒስቷ ላዩን እጅግ አቅልላ፣ ለመሀለኛው ዜማ የእጇን ክብደት ሰጥታ፣ አንድ ሰው በለሆሳስ እየዘመረ በወንዙ ዳር የሚሄድ ያህል ለይታ አሰማችው። ዜማው ወደማይጠበቅ ቃና ዞር በሚልባቸው ቦታዎች ላይም ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ቆም ብለው «ይህን ስሙልኝ» የሚሉ ይመስላሉ፣ እርሷ ግን ወንዙን አላስቆመችም። ፋኒ ከአሥራ ሁለቱ ይህንኑ ለይታ በሁለተኛው የሥራ ቁጥሯ (ኦፐስ 2 በተባለው መድበል) ውስጥ ማሳተሟ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኦክቶበር የአደን ቀንደ መለከት ይነፋል። ኖቬምበር «በሐዘን» የሚል ምልክት ይዞ በከባድ እርምጃ ይጀምርና ወደ ንዴት ያድጋል። ዲሴምበር የበረዶ ውሽንፍር የሚመስል ፈጣን ክፍል ሆኖ፣ መጨረሻው ላይ ውሽንፍሩ ጸጥ ሲል ሉተር የጻፈው የገና መዝሙር ይገባል። ፒያኒስቷ መዝሙሩን በሚገባ አድምቃ ጨረሰች፣ እጇን አነሣች፣ ታዳሚው አጨበጨበ፣ መብራቱም በራ።

የምሽቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር። «ዓመቱ» በዲሴምበር አያልቅም። ከአሥራ ሁለቱ ወራት በኋላ አንድ አጭር አሥራ ሦስተኛ ክፍል አለው፤ «አሮጌው ዓመት አልፏል» በሚለው፣ ባኽም በኦርጋን ባቀናበረው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ የተመሠረተ የስንብት ክፍል ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ለጣት የሚያስቸግር ነገር የለውም፣ ጭብጨባም አይጋብዝም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «አሥራ ሁለት ክፍሎች» ተብሎ መጻፉ ስሕተት አይደለም፣ ፋኒም በርእሷ ያለችው አሥራ ሁለት ነው፤ የስንብቱ ክፍል ከቁጥር ውጭ፣ ከወራቱ በኋላ የተቀመጠ ነውና። ግን ከቁጥር ውጭ መሆኑ ከሥራው ውጭ አያደርገውም። ሕልም፣ ካርኒቫል፣ ትንሣኤ፣ ወንዝ፣ አደንና ገና ያለፉበት ዓመት በገና ደስታ እንዲዘጋ ደራሲዋ አልፈለገችም፤ በጊዜ ማለፍ ላይ በሚያስብ፣ ቀዝቃዛና ጥቁር ቃና ባለው መዝሙር ዘጋችው። ይህ ሲቀር ከፊቱ ያሉት አሥራ ሁለቱ የሥዕል አልበም ሆነው ይቀራሉ፣ ሲኖር ግን የአንድ ሰው ዓመት ይሆናሉ። የሚያስገርመው ደግሞ ጳጉሜን ባለባት አገር፣ ያውም ጳጉሜን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ «የዓመት መሸኛ» ተብሎ በተጠራ ምሽት መቅረቱ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ሕዝብ አሥራ ሦስተኛውን ትንሽ ክፍል ሲሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል ማንም አዘጋጅ ሊገምት ይችላል፤ ይህን ሥራ ከበርሊን ወደ አራት ኪሎ ለማምጣት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝለትም ነበር።

ዝግጅቱ ካበቃ በኋላ አስተዋዋቂውን በአክብሮት ጠይቄያቸው ነበር። «ታዳሚው በደስታ እንዲወጣ ብለን ነው፤ እርስዎ ያሉትን ግን እናስብበታለን» አሉኝ። መልካም ምላሽ ነው፤ በምክንያቱ ግን አልስማማም።

የጊዜ እጥረት እንዳልነበረ የሚያሳየው፣ ጭብጨባው ሲበረታ ፒያኒስቷ ተመልሳ የክላራ ሹማንን ሮማንስ፣ ማለትም ዜማዊ የሆነ አጭር ሥራ፣ መጫወቷ ነው፤ ይህ በ1850ዎቹ የተጻፈና ለሙዚቃ ደራሲው ብራምስ የተበረከተ የሦስት ሮማንሶች ስብስብ የመጀመሪያው፣ በኤ ማይነር ያለው ነው። አጨዋወቷ በጣም ጥሩ ነበር፤ ጃንዋሪ ላይ የጎደላት ነፃነት እዚህ ተገኝቷል። ክላራ ከፋኒ በተቃራኒ ከልጅነቷ ጀምሮ በመላው አውሮፓ መድረክ ላይ የኖረች ተጫዋች ስትሆን፣ ባሏ ሮበርት በ1856 ከሞተ በኋላ መጻፍ እየተወች መጫወቱን ለአሥርት ዓመታት ቀጥላለች። አንዷ መድረክ ተነፍጋ ጻፈች፣ ሌላዋ መድረክ አግኝታ መጻፉን ተወች፤ ሁለቱን በአንድ ምሽት ማገናኘት ራሱን የቻለ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የስንብቱን ክፍል ቦታ በመንጠቅ መሆን አልነበረበትም።

አስተዋዋቂው ፋኒን ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ጋር ደጋግመው አነጻጸሩ። በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ሥራቸው በዓለም ዘንድ በሰፊው የታወቀው በእርጅናቸው ዘመን በመሆኑ፣ ንጽጽሩ በዚህ በኩል ያስኬዳል። በሙዚቃው በኩል ግን አያስኬድም፤ የእማሆይ ሥራ ከቤተ ክርስቲያናችን ዜማና ከቅኝቶቻችን የተቀዳ፣ ምቱን እንደ ፈቀደ የሚተው ሲሆን፣ የፋኒ ደግሞ ከባኽ የተማረችው ጥብቅ የድምፆች ሽመና ነው። አንዷን ለማስተዋወቅ ሌላዋን መጥራት ሁለቱንም ያሳንሳል።

ስለ ፒያኖው ማለት የምፈልገው አለ። በአዳራሹ ያለው መካከለኛ መጠን ያለው ቋሚ ፒያኖ ነው። የቋሚ ፒያኖ የግራ ፔዳል መዶሻዎቹን ወደ ክሮቹ በማስጠጋት ድምፁን ይቀንሳል እንጂ፣ እንደ ግራንድ ፒያኖ መዶሻዎቹን ወደ ጎን አንሸራትቶ የድምፁን ቀለም አይለውጥም፤ ስለዚህ ጁላይን የመሰለ ክፍል ላይ ከፒያኒስቷ ከሚጠበቀው በላይ መጠበቅ አይገባም። የቅኝቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በክረምት እርጥበት እንጨቱ ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ቃናው ወደ ላይ ይሸሻል፤ በበጋው ድርቀት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከለኛውና በላይኛው ክፍል ለአንድ ኖታ ሦስት ክሮች ስላሉ፣ ሦስቱ እኩል ካልሆኑ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ኖቬምበር ላይ ብቻቸውን በሚቆሙት ረዣዥም ኖታዎች ይህ በግልጽ ተሰምቷል። ትኬት የሚሸጥ ቤት ቢያንስ ወቅት በተለወጠ ቁጥር፣ ከተቻለም ከየዝግጅቱ በፊት ፒያኖውን ማስቃኘት ይኖርበታል።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ዝግጅት ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘገየ፣ ይቅርታም አልተጠየቀም። ወንበሮቹ ምቹ ናቸው፤ ደረጃው ግን ጠባብና መደገፊያ የሌለው በመሆኑ ለአረጋውያን ያስቸግራል። ቡናው የጀበና ነው፣ ከ600 ብሩ ውስጥም እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደሚገባ ተደርጎ በትሕትና ይቀርባል። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የማቆሚያ ቦታ አያገኝም፤ ከአራት ኪሎ አደባባይ በእግር መምጣት ይሻላል። የፒያኒስቷን እጆች ማየት የሚፈልግ ከፊት በግራ በኩል ይቀመጥ፣ ድምፁን ብቻ የሚሻ ደግሞ ከደረጃው በር ይራቅ። ዝግጅቱ ከጥቅምት በኋላ ይደገማል ተብሏል፤ ያኔ ጣሪያው ጸጥ ስለሚል መሄድ ይገባል፣ ከመክፈል በፊት ግን የስንብቱ ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ መኖሩን በስልክ መጠየቅ ነው።